ጨጓራ የሚመስለው የልብ መድኃኒት ጉዳት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ሃና ማርያም ባሉት ሰፈሮች፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ እሱም «ጨጓራ» ነው። ስያሜው በብዙ ሰው ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ እነዚሁ ምልክቶች ሲታዩ፣ ምክንያቱ ሆዱ ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ በደም ውስጥ ከልክ በላይ መከማቸቱ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የዲጎክሲንን መጠን የበለጠ ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ በተሳሳተ ስያሜ የተጀመረ ሕክምና ሕመምተኛውን ከነበረበት ወደ ከፋ አደጋ ሊገፋው ይችላል። ዲጎክሲን ርካሽ፣ ጠቃሚና ዘመን ያስቆጠረ መድኃኒት ነው፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ካልተያዘ ጉዳቱ ሌላ በሽታ መስሎ የሚመጣ በመሆኑ፣ የሚወስደው ሰውም ሆነ የሚያስታምመው ቤተሰብ ስለ ጠባዩ ጠለቅ ያለ ዕውቀት ሊኖራቸው ይገባል።

ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። በቀኙ ላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚገኝ አንድ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ፣ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱም በላይኞቹና በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለች አንዲት ጠባብ ማለፊያ ላይ ጥቂት ዘግየት ካለ በኋላ ወደ ታች ይወርድና ደም ገፍተው የሚያወጡትን ታችኞቹን ክፍሎች ያኮማትራል። ንፋስ ስልክ የሚለው መጠሪያ ራሱ ያለ ሽቦ ከሚሠራው የቀድሞ የሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ የመጣ ስለሆነ፣ ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያመላልስ አካል ለዚህ ሰፈር ሰው እንግዳ ምሳሌ አይሆንም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለውና በዓለም ላይ በስፋት በሚታየው የምት መዛባት ጊዜ ግን ላይኞቹ የልብ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 በሚደርስ ሥርዓት የለሽ ምልክት ይንቀጠቀጣሉ። መካከለኛዋ ማለፊያ ይህን ሁሉ ባታሳልፍም ከሚገባው በላይ ስለምታሳልፍ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚዳሰሰው ምት ፈጣንና ወጥነት የሌለው ይሆናል። ከዚህ ሁለት ጉዳት ይከተላል፤ አንደኛው ልብ ደም ሳይሞላ እየተጣደፈ መድከሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ላይኛው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ረግቶና ተቆርሶ ወደ አንጎል በመሄድ ስትሮክ ማስከተሉ ነው።

በበለጸጉ አገሮች ይህ ሕመም በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። በኢትዮጵያም ዕድሜና የደም ግፊት ያመጡት ቁጥር ቀላል ባይሆንም፣ የአገሪቱ ልዩ ገጽታ ከልጅነት የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ ይህም በባክቴሪያ የተነሣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የልብን ቫልቮች በማጥቃቱ የሚመጣ ጉዳት ነው። የጠበበ ቫልቭ ደም ስለሚያግድ ከበስተኋላው ያለው የልብ ክፍል እየተለጠጠ ይሄዳል፤ የተለጠጠ ክፍል ደግሞ ለምት መዛባት የተመቸ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማንን መዝግቦ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ሬሜዲ የተባለው ጥናት እንዳሳየው፣ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሲሆን ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች ነበሩ፤ ከአምስት አንዱ ገደማም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረበት። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እስከ መክፈት የደረሰው ይህ ሸክም በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ስለከበደ ነው። በመሆኑም በአዲስ አበባ ዲጎክሲን የሚወስደው ሰው በልጅ ልጆቹ የሚደገፍ አዛውንት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራ ውላ ማታ ለብቻዋ ፋርማሲ የምትገባ የሠላሳ ዓመት ሴትም ልትሆን ትችላለች።

ዲጎክሲን የተዛባውን ምት ወደ ትክክለኛው ሥርዓት አይመልስም፤ ይህ በብዙዎች ዘንድ በተሳሳተ መንገድ የሚታወቅ ነገር ነው። ሥራው ያቺን መካከለኛ ማለፊያ ማዘግየትና ወደ ታች የሚወርደውን የምልክት ብዛት መቀነስ፣ በተጨማሪም የደከመውን የልብ ጡንቻ በመጠኑ ማበርታት ነው። ይህን የሚያደርገው በሕዋስ ሽፋን ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የምታመላልሰውን ትንሽ «ፓምፕ» በከፊል በማገድ ነው። ፓምፗን እ.ኤ.አ. በ1957 የገለጸው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ለዚሁ ሥራው በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። መድኃኒቱ የተገኘው ዲጂታሊስ ከተባለ የአውሮፓ ተክል ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ አወሳሰዱን ከነጉዳቱ በዝርዝር አስቀምጧል። ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ዕቃዎች አረንጓዴና ቢጫ መስለው መታየታቸው፣ የምት መዘግየት፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቁ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው።

የአፍሪካ ቀንድ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ መረንዝ የሚባለው ዛፍና ዘመዶቹ ኡዋባይን የተሰኘ ንጥረ ነገር የያዙ ሲሆን፣ ይህም ቃል የመጣው የቀስት መርዝን ከሚያመለክተው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማሊኛ ቃል ነው። ኡዋባይን ዲጎክሲን የሚያግዳትን ያችኑ ፓምፕ ያግዳል፤ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡበት መርዝ እንስሳውን የሚጥለው ልቡን በመያዝ ነው። የሕይወት አድን መድኃኒትና የቀስት መርዝ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ሲታሰብ፣ «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ለልብ ሕመምተኛ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። መረንዝ እስከ ዛሬ በባህላዊ ሕክምና አገልግሎት ላይ የሚውል በመሆኑም፣ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ምንነቱ ያልታወቀ የቅጠል ወይም የሥር ብጥብጥ መጠጣቱ በአንድ መርዝ ላይ ወንድሙን እንደ መጨመር ሊቆጠር ይችላል።

የሕክምና ሰዎች ዲጎክሲንን «ጠባብ የደኅንነት ክልል» ካላቸው መድኃኒቶች ጋር ይመድቡታል፤ ትርጉሙም በሚጠቅመው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው ማለት ነው። ለልብ ድካም በሚሰጥበት ጊዜ ተመራጭ የሆነው የደም ውስጥ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖግራም ሲሆን፣ ከ2 ናኖግራም በላይ ሲደርስ የመመረዝ ዕድሉ በግልጽ ይጨምራል፤ የፖታሲየም እጥረት ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ከዚያ ባነሰም ሊመርዝ ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአንድ ይልቅ ሁለት ፓራሲታሞል የዋጠ ጤናማ አዋቂ ምንም አይሆንም፤ ዲጎክሲንን ለሳምንታት በእጥፍ የወሰደ ሰው ግን ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚወገደው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ደኅና በሆነ ሰው ላይ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ36 እስከ 48 ሰዓት የሚፈልግ ሲሆን፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ይህ ጊዜ ብዙ ቀናት ይወስዳል። ከዚህም የተነሣ መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፤ የዛሬው ስሕተትም ምልክቱን ዛሬ ላያሳይ ይችላል። ሐኪሙ በየጊዜው ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ የሚያዘውም በዚሁ ምክንያት ነውና፣ «ልቤን እንጂ ኩላሊቴን አላመመኝም» በሚል ምርመራውን መዝለል አይገባም።

በመጠን ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት ራሱን የቻለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በአገር ውስጥ በብዛት የሚታወቀው የዲጎክሲን ፍሬ 0.25 ሚሊ ግራም ሲሆን ይህም 250 ማይክሮ ግራም ማለት ነው። ከውጭ በዘመድ በኩል የሚላከው ግን ብዙ ጊዜ በማይክሮ ግራም ተጽፎ 125 ወይም 62.5 የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል። 125 የሚለው ቁጥር ከ0.25 የበለጠ መስሎ ቢታይም፣ በእርግጥ የሱ ግማሽ ነው። እንግዲህ ግማሽ ፍሬ እንዲወስድ የታዘዘ ሰው ከአሜሪካ የመጣለትን የ125 ፍሬ በለመደው መንገድ ለሁለት ቢከፍለው ከሚገባው ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ አንድ ሙሉ የ125 ፍሬ ሲወስድ የቆየ ሰው ደግሞ ከሰፈር ፋርማሲ የ0.25 ፍሬ ገዝቶ እንደ ልማዱ አንድ ሙሉ ቢውጥ ሳያውቀው መጠኑን በእጥፍ አሳደገ ማለት ነው። መድኃኒት በገበያ ላይ ሲጠፋና ሲገኝ፣ የፋብሪካው ስምና የፍሬው ቀለም ሲለዋወጥ ይህ ዓይነቱ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል። መፍትሔው አዲስ ዕሽግ በተገዛ ቁጥር፣ ከከነማም ይሁን ከቀይ መስቀል ወይም ከግል ፋርማሲ፣ አሮጌውን ባዶ ዕሽግ ይዞ ሄዶ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስነበብና በአዲሱ ላይ «ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት» የሚለውን በአማርኛ ማጻፍ ነው። ሰዓቱም ቢሆን በአገር ቤት አቆጣጠር ይጻፍ፤ በውጭው አቆጣጠር 8 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት በኛ 2 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ሰው አያስተውለውም።

ፖታሲየም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ዋና ተዋናይ ነው። ይህ ማዕድን ዲጎክሲን በሚቀመጥበት በዚያው ፓምፕ ላይ የሚሻማ በመሆኑ፣ ፖታሲየም ሲያንስ መድኃኒቱ ቦታውን በሰፊው ይይዛል፤ በደም ውስጥ ያለው የዲጎክሲን መጠን ሳይጨምር ጉልበቱ ግን ይጨምራል ማለት ነው። ብዙ የልብ ሕሙማን ከዲጎክሲን ጋር የሚወስዱት ላሲክስ፣ በሌላ ስሙ ፉሮሰማይድ፣ ውኃን በሽንት ሲያስወግድ ፖታሲየምንም አብሮ ያስወጣል። ተቅማጥና ትውከት፣ ለኮሶ ትል ተብሎ የሚወሰድ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሌላ በኩል ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል የሚባሉት ሌሎች የልብ መድኃኒቶች ፖታሲየምን የሚያስቀሩ ስለሆኑ፣ ሁሉም የልብ ሕመምተኛ ፖታሲየም ይጎድለዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ በጎረቤት ምክር የፖታሲየም ኪኒን መጀመርም ሌላ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም ከልክ ያለፈ ፖታሲየም ብቻውን ልብን ሊያቆም ይችላል። የሚያዋጣው መንገድ መለካት ነው።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ላሲክሱን ጠዋት ወስዶ ውኃ ሳይተካ ሲውል ሰውነቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ሰውነት ኩላሊቱን ያደክማል፤ የደከመ ኩላሊት ዲጎክሲኑን ያስቀራል። ዲጎክሲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በመሆኑ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር አስቸጋሪ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ይህ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚደረግ እንጂ በጾሙ መካከል በራስ ፈቃድ የሚወሰን አይደለም። የተዘለለውን መጠን ከሚቀጥለው ጋር ደርቦ መዋጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በአጠቃላይ አንድ መጠን የተረሳ እንደሆነ፣ ከመደበኛው ሰዓት 12 ሰዓት ያህል ካላለፈ ሊወሰድ ይችላል፤ ካለፈ ግን ያ ቀን ተዘሎ በማግስቱ እንደ ወትሮው ይቀጥላል።

ወደ ጨጓራው ጉዳይ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በእጅጉ የተሠራጨ ሲሆን፣ የተለመደው ሕክምናው አሞክሲሲሊንን፣ ክላሪትሮማይሲንንና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ መቀነሻን አንድ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መውሰድ ነው። ከሦስቱ መካከል ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲንን ከአንጀትና ከኩላሊት ወደ ውጭ የሚገፋውን የሰውነት ማስወጫ ያግዳል፤ በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው አንዲት ፍሬ እንኳ ሳይጨምር በደሙ ውስጥ ያለው ዲጎክሲን በቀናት ውስጥ ከፍ ይላል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በአረጋውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በዲጎክሲን መመረዝ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ከሌሎቹ ዲጎክሲን ወሳጆች ይልቅ በቀደመው ሳምንት ክላሪትሮማይሲን የተሰጣቸው የመሆን ዕድላቸው 12 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ይህ አደጋ ሌላ መልክ ይጨምራል። ዲጎክሲን ቀድሞ ጥቂት ተከማችቶ የምግብ ፍላጎት የዘጋበት ሰው «ጨጓራዬ ተነሣ» ብሎ ይመረመራል፤ ባክቴሪያው በሕዝቡ ዘንድ ሰፊ ስለሆነ ምርመራው «አለብህ» የማለቱ ዕድል ትልቅ ነው፤ ሕክምናው ሲጀመር ዲጎክሲኑ ይብስ ይከማቻል፤ ማቅለሽለሹ ሲጨምር ደግሞ መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው ተብሎ ይታለፋል። ምርመራው አልዋሸም፤ ባክቴሪያው በእርግጥ አለ፤ የማቅለሽለሹ መነሻ ግን እሱ አልነበረም።

ይህን ክብ ለመስበር የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙ አይደለም። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው አዲስ የመጣ የማቅለሽለሽ፣ የማስታወክ ወይም የምግብ መጥላት ስሜት ሲሰማው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ መድኃኒቱ ተጠርጣሪ ነው ብሎ መነሣት ይኖርበታል። ለሐኪሙም ሆነ ለመድኃኒት ባለሙያው የመጀመሪያው ንግግር ስለ ሆድ ሳይሆን ስለሚወስደው የልብ መድኃኒት ቢሆን፣ ባለሙያው ኤሲጂ የሚባለውን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ፣ የሚቻል ሲሆን የዲጎክሲን መጠን ልኬት ያዛል። ለልኬቱ የሚቀዳው ደም የመጨረሻው ፍሬ ከተዋጠ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት የተቀዳ ደም ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ያሳያል። የጨጓራው ባክቴሪያ መታከም ካለበትም ክላሪትሮማይሲን የሌለበት የሕክምና ዓይነት አለ፤ ምርጫው ግን የሐኪሙ ነው። ለቃር ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛ አንታሲድም ቢሆን ከዲጎክሲን ጋር እኩል ከተዋጠ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሰው፣ በሁለቱ መካከል የሰዓታት ልዩነት ሊኖር ይገባል።

ሌሎች የሚጋጩ መድኃኒቶችም አሉ። አሚዮዳሮንና ቬራፓሚል የተባሉት ራሳቸው ለልብ ምት የሚታዘዙ ሲሆኑ ሁለቱም የዲጎክሲንን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ አሚዮዳሮን በተጨመረ ጊዜ የዲጎክሲን መጠን ብዙውን ጊዜ በግማሽ የሚቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ቆላ ወርዶ በወባ ለተያዘ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ኩዊኒንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ዲጎክሲንን ከሰውነት በፍጥነት ያስወጣና የተረጋጋው ምት እንደገና እንዲፈጥን ያደርጋል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን በማድከምና ውኃ በማስቀረት ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወስ አለበት፤ የልብን ምት ያስተካክላል ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት ራሱ ምት ሊያዛባ እንደሚችል ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ የታተመው ካስት የተባለ ጥናት የልብ ጡንቻ ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ፍሌካይናይድና ኢንካይናይድ የተባሉትን የምት መድኃኒቶች ሲሞክር፣ ምታቸው ተስተካክሎ የታየው ሕሙማን ምንም መድኃኒት ያልያዘ ፍሬ ከሚወስዱት ይልቅ በብዛት በመሞታቸው ከጊዜው በፊት ይህ ክፍሉ እንዲቋረጥ ተደርጓል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ይታዘዝለታል፤ ዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ይለካል፤ የብዙዎቹም ግብ ከ2 እስከ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና 4,531 ሰዎችን ያካተተው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ የሩማቲክ የልብ በሽታ ላለባቸው ሰዎች የነዋርፋሪን ወገን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ያነሰ ሞት የታየበት መሆኑን ስላረጋገጠ፣ «አዲሱ ይሻላል» ተብሎ በራስ ፈቃድ መቀየር አያስኬድም። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንሰውን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስለያዘ፣ በጾም ጎመን በየቀኑ የሚበላና በፍስክ የሚተወው ሰው ልኬቱ ይዋዥቃል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ቢሆን ይመረጣል። ክላሪትሮማይሲን ዋርፋሪንንም ያበረታዋል፤ የጨጓራው ሕክምና በዚህም በኩል የደም መፍሰስ አደጋ ያመጣል።

ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚለመድ አንድ ቀላል ልማድ ምትን መቁጠር ነው። ዲጎክሲን ከመዋጥ በፊት ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ያህል ማረፍ፣ ከዚያ የሁለት ጣቶችን ጫፍ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ለሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ይገባል፤ ምቱ ወጥ ባለመሆኑ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። በጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቶ የገባ ሰው ወዲያው ቢቆጥር የሚያገኘው የደረጃውን ምት እንጂ የልቡን የዕረፍት ምት አይደለም። በአዋቂ ሰው ላይ ምቱ ከ60 በታች ከሆነ፣ ወይም ሐኪሙ በሰጠው ሌላ ወሰን ውስጥ ካልሆነ፣ የዕለቱን ፍሬ ከመዋጥ በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ለወራት ሲዘበራረቅ የኖረ ምት በድንገት ዘገም ያለና ፍጹም ወጥ ሆኖ ቢገኝም ደስ የሚያሰኝ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ይህ ራሱ የዲጎክሲን መመረዝ ምልክት ነው። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በደብተር መጻፍ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ከእምነት ጋር የተያያዘው ጥያቄም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የማቋረጥ ልማድ በብዙ ሕሙማን ዘንድ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ አስታውቀው ነበር፤ ለልብ መድኃኒትም የተለየ ምክንያት የለም። ዲጎክሲንን በድንገት ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ግን ልቡ እንደገና ይጣደፋል፤ የልብ ድካም ያለበት ከሆነም እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ከልማዶች መካከል ጫትም የልብን ምት የሚያፋጥንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ምትን ለማዘግየት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊርቀው ይገባል።

ፍሬዎቹ ከሕፃናት እጅ መራቅ እንዳለባቸው መናገር ትርፍ ቢመስልም በዲጎክሲን ላይ ግን ትርፍ አይደለም፤ ለአዋቂ የታሰቡ ጥቂት ፍሬዎች ለአንድ ትንሽ ልጅ ገዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። የዋጠ ልጅ እንዲያስመልስ ማስገደድም ሆነ ወተት ማጠጣት አይበጅም፤ ዕሽጉን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ብቻ ነው። አዋቂም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ ግራ የመጋባት ስሜት ካደረበት፣ ዕይታው ቢጫ ወይም ብዥ ካለበት፣ ወይም ምቱ በጣም ከዘገየ ነገሩ ለነገ የሚቆይ አይደለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራሉ። በመድኃኒቱ ላይ የጥራት ጥርጣሬ ወይም ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያጋጥም ደግሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል።

በቤቱ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ያለው አንባቢ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በሕመምተኛው ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጥለት፤ ከፋርማሲው መስኮት ፊት ቆሞ የጨጓራ መድኃኒት ሲጠየቅ ከገንዘቡ በፊት መውጣት ያለበት ያ ወረቀት ነው።